ጠባብ ኩሽና ውስጥ ሲንክ የት ይቀመጥ? እኛ ቤት ያየነው

እኔና እናቴ የምንኖረው አያት አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤታችን ባለ አንድ መኝታ ናት። ኩሽናዋ 1.60 በ2.60 ሜትር ነው። በሩ በአንዱ ጠባብ ግድግዳ በኩል ነው፤ መስኮቱ ፊት ለፊቱ። ቤቱን ስንረከብ ኩሽናው ባዶ ክፍል ነበር። ከግድግዳው ብቅ ያለ የውኃ መስመርና አንድ የፍሳሽ አፍ ብቻ ነበረው። የቀረውን ሁሉ ማሰብ የኛ ፋንታ ነበር።

ሲንክ ለመግዛት ስንነሳ ያማከርነው ሰው ሁሉ ስለ ሲንኩ ነገረን። ይኼኛው ያምራል፣ ያኛው የቱርክ ነው፣ ይኼ ወፍራም ነው። ከሲንኩ ጎን ስለሚቀረው ቦታ ግን ማንም አላነሳልንም። እኔ ዛሬ በየቀኑ ኩሽና በገባሁ ቁጥር የማመሰግነው እሱን ቦታ ነው። የታጠበ ሳህን የሚያርፍበት፣ ሽንኩርት የሚከተፍበት፣ የጋለ ድስት የሚወርድበት እሱ ነው። ጠባብ ኩሽና ያላችሁ ሰዎች ሲንክ ስትመርጡ መጀመሪያ ከጎኑ የሚተርፈውን ብትለኩ በጣም ትጠቀማላችሁ። ይህን የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

ሒሳቡን ላሳያችሁ። ረጅሙ ግድግዳችን 2.60 ሜትር ነው። ከዚያ ላይ የእንጀራ ምጣዱ ከነማስቀመጫው 60 ሴንቲ ሜትር ይወስዳል። ምድጃው ሌላ 60። ፍሪጁን ሳሎን አስወጣነው፤ ብዙ የኮንዶሚኒየም ቤቶች እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። የቀረን 1.40 ሜትር ሆነ። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ባለ ሁለት ገንዳ ሲንክ፣ ነጋዴዎቹ ደብል የሚሉት፣ ከነማንጠባጠቢያ ክንፉ 1.20 ሜትር ርዝመት አለው። እሱን ብናስገባ የሚተርፈን 20 ሴንቲ ነው። 20 ሴንቲ ላይ መክተፊያ እንኳን አይቀመጥም።

እናቴ ግን ደብሉን ነበር የፈለገችው። ምክንያትም አላት። ዕድሜዋን ሙሉ ዕቃ ያጠበችው በርጩማ ላይ ተቀምጣ በሁለት ሳፋ ነው። አንዱ ለሳሙናው፣ አንዱ ለማለቅለቂያው። ቧንቧ ከፍቶ ከማጠብ በጣም ያነሰ ውኃ የሚፈጅ አስተጣጠብ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህን ልማድ ማስተው ተገቢ አይመስለኝም።

«ልጄ፣ በአንድ ገንዳ እንዴት አድርጌ ነው የማለቀልቀው?» አለችኝ።

«እማዬ፣ የሳሙናዋን ሳፋ እዚያው ገንዳ ውስጥ ብናስገባትስ?»

ጎረቤታችን ቤት ሰፋ ያለ ነጠላ ገንዳ ያለው ሲንክ ስለነበር ሄዳ ሞከረችው። 30 ሴንቲ ስፋት ያላት ሳፋ ገንዳው ውስጥ ገብታ ከጎኗ ለማለቅለቂያ የሚሆን ቦታ ይተርፋል። ሳፋዋን ስታወጣት ደግሞ ትልቁ ድስት ይገባል። ደብል ሲንክ ላይ ይህ አይሆንም፤ በመካከል ያለውን ግድግዳ ማንሳት አይቻልምና። እናቴም በዚህ ተስማማች። ባለ አንድ ገንዳ፣ 60 በ45 የሆነ፣ ክንፍ የሌለው ሲንክ ወሰድን። ውስጡ 54 በ40 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ምክር ልጨምር። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ቤታችሁ ውስጥ ያለውን ትልቁን ታጣቢ ዕቃ አውጥታችሁ ለኩት። የኛ ትልቁ ዕቃ እንጀራ የሚቀርብበት ትሪ ነው፤ ወርዱ 50 ሴንቲ ሜትር። ከሱ ቀጥሎ የበዓል ድስትና የሊጥ ቡሃቃው። ትሪው 54 በ40 ገንዳ ውስጥ ጋደም ብሎ አይገባም። ዘንበል ሲል ግን አብዛኛው ውስጥ ይሆንና ውኃው ተመልሶ ገንዳው ውስጥ ይፈሳል። የደብሉ አንድ ገንዳ ብዙ ጊዜ ወርዱ 34 ሴንቲ አካባቢ ነው። እዚያ ውስጥ ትሪ ሲታጠብ ውኃው በክንድ ላይ ወርዶ ወለሉን ያረጥባል። ሱቅ ውስጥ ሲንኩ ባዶውን ሲታይ ሁሉም ሰፊ ይመስላል። ስለዚህ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፤ የምትለኩትም የውስጡን ነው። ሻጩ የሚነግራችሁ ቁጥር የውጭው ጠርዝ ነው።

ቦታውን ከመወሰናችን በፊት ወለሉ ላይ በጠመኔ ሣልን። ምጣዱ እዚህ፣ ምድጃው እዚህ፣ ሲንኩ እዚህ። ከዚያ አሮጌ ጠረጴዛ አምጥተን ሲንኩ ይሆናል ባልነው ቦታ ላይ ሳፋ አስቀመጥን። ለተወሰነ ጊዜ ዕቃ የምናጥበው እዚያ ሆነ። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ የሚያሳየው ነገር ግን ብዙ ነው። ለምሳሌ ሳፋው ጥግ ላይ ሲሆን የግራ ክርኔ ግድግዳውን ይመታል። ትንሽ ፈቀቅ ሲል ይቀላል። ቆሻሻው ሳህን ከየት በኩል እንደሚመጣና የታጠበው ወዴት እንደሚሄድም እጃችሁ ራሱ ይነግራችኋል። እኔ ቀኝ እጅ ነኝ። ሳህኑን በግራ ይዤ በቀኝ እፈትጋለሁ፤ ስጨርስ ወደ ግራ ነው የማስቀምጠው። ክንፍ ያለው ሲንክ የምትገዙ ከሆነ ክንፉ በየትኛው ጎን ይሁን የሚለው ጥያቄ በዚህ ይመለሳል። አንዳንዱ ሲንክ በሁለቱም በኩል ዞሮ ይገጠማል፤ አንዳንዱ ግን የቧንቧ ቀዳዳው ስላለ አይዞርም። ስትገዙ ጠይቁ።

በመጨረሻ የመረጥነው አደራደር ይኼ ነው። ከመስኮቱ በኩል ስንጀምር 35 ሴንቲ ባዶ ጠረጴዛ፣ ከዚያ ሲንኩ 60፣ ከዚያ 45 ሴንቲ ባዶ ጠረጴዛ፣ ከዚያ ምድጃው፣ በሩ አጠገብ ምጣዱ። የ35ቱ ቦታ ለታጠበ ዕቃ ነው። የ45ቱ ቦታ ዋናው የሥራ ቦታችን ነው። ከሲንክ ወደ ምድጃ የሚሄደው ሁሉ በዚያ ያልፋል፤ ጎመኑ ታጥቦ እዚያ ይከተፋል፣ ከዚያ ወደ ድስት። በኔ አስተያየት ቦታ አጥታችሁ ሌላውን ሁሉ ብትቀንሱ እንኳን ከሲንክና ከምድጃ መካከል 40 ሴንቲ መተው ግድ ነው። ካልሆነ የጋለ ዘይት ላይ የውኃ ፍንጣሪ ይወድቃል። ይህ ደግሞ ሰው ያቃጥላል።

ምጣዱን በተመለከተ ቤት ውስጥ ክርክር ነበር። እናቴ እንፋሎቱ እንዲወጣ ምጣዱ መስኮቱ ሥር ይሁን አለች። ልክ ናት። ነገር ግን ቱቦዎቹ የሚወርዱበት ዳክት ያለው መስኮቱ ጥግ ላይ ነው። ሲንኩ ከዚያ ከራቀ ፍሳሹ ይቸግራል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስብ ዕቃ ነው። ከውኃ ጎን አይቀመጥም፤ ሶኬቱም ከሲንክ በላይ አይሆንም። ለምጣዱ የራሱን መስመር ከቆጣሪው በራሱ ማቋረጫ አስጎትተን በሩ ጋ አደረግነው። እንፋሎቱን እንጀራ በሚጋገርበት ቀን በሩንና መስኮቱን አንድ ላይ በመክፈት ነው የምናስወጣው። እንደ መስኮቱ ሥር ጥሩ አይደለም። ከሁለቱ ግን የውኃውና የመብራቱ ጉዳይ ስለሚበልጥ ይህን መረጥን።

ብዙ ሰው ሲንክ መስኮት ሥር ሲሆን ደስ ይለዋል። ብርሃኑም አየሩም ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ እዩ፦ መስኮቱ ወዴት ነው የሚከፈተው? ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ የቧንቧው አንገት ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ መስኮቱ ሳይከፈት ይኖራል፤ ኩሽናውም ይታፈናል።

አሁን ወደ ፍሳሹ ልምጣ። ሰፋ አድርጌ የምነግራችሁ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ስለሆነ ነው። ሲንክን የሚገዛ ሰው የሚያየው ላዩን ነው፤ የሚያስቸግረው ግን ሥሩ ነው።

ፍሳሽ የሚሄደው በራሱ ክብደት ቁልቁል ነው። ለአንድ ሜትር ቱቦ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት። ሲንኩን ከዳክቱ ሁለት ሜትር ካራቃችሁት ቱቦው 4 ሴንቲ መውረድ አለበት ማለት ነው። ቁመቱ ከየት ይመጣል? ከግድግዳው የፍሳሽ አፍ በላይ ካለው ክፍተት ነው። ይህንን ክፍተት ደግሞ ሌሎች ነገሮች ይሻሙታል፦ የጠረጴዛው ቁመት፣ የገንዳው ጥልቀትና ሲፎኑ፣ ማለትም ከሲንኩ ሥር የሚታጠፈው ቱቦ።

የኛን ልንገራችሁ። የጠረጴዛችን ቁመት 88 ሴንቲ ነው። የፍሳሹ አፍ ከወለሉ 52 ሴንቲ ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ ያማለለን አንድ ጥልቅ ሲንክ ነበር፤ ጥልቀቱ 25። አሁን ቀንሱ። 88 ሲቀነስ 25፣ 63 ነው። የገንዳው ማጥለያና አጭሩ ቱቦ ሌላ 10 ይወስዳሉ፤ 53 ሆነ። ሲፎኑ ከመግቢያው ወደ 5 ሴንቲ ዝቅ ብሎ ነው የሚያስወጣው፤ 48። ግድግዳው ላይ ያለው አፍ ግን 52 ላይ ነው። ውኃ ሽቅብ አይወጣም። እንዲህ ያለ ሲንክ ቢገጠም ቱቦው ውስጥ ሁልጊዜ ውኃ ይቆማል፤ ቅባቱ እዚያ ይረጋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይደፈናል። ስለዚህ 18 ሴንቲ ጥልቀት ያለውን ወሰድን። 88 ሲቀነስ 18፣ ሲቀነስ 10፣ ሲቀነስ 5፣ 55 ይመጣል። ከሲንኩ መካከል እስከ ዳክቱ ጥግ 65 ሴንቲ ስለሆነ ቱቦው የሚፈልገው ቁልቁለት 1.3 ሴንቲ ነው። ተረፈን።

ይህን ሒሳብ ሲንክ ከመግዛታችሁ በፊት ወረቀት ላይ ሥሩት። የፍሳሹን አፍ ቁመት የምትለኩት ግን ሴራሚኩ ከተነጠፈ በኋላ ካለው ወለል ነው። ሲሚንቶውና ሴራሚኩ ወለሉን ጥቂት ሴንቲ ከፍ ያደርጉታል። ገና ባልተነጠፈ ወለል ላይ የተለካ ቁጥር አይሠራም። የፍሳሹ አፍ ከፍ ብሎ ከሆነና ጥልቅ ሲንክ ካስፈለጋችሁ ግድግዳውን አስፈልፍሎ አፉን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። እሱ የሚሠራው ግን ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ነው።

ሲፎኑ ላይም አትቆጥቡ። ሲፎን ማለት ከሲንኩ ሥር የሚታጠፈው ክፍል ነው። እዚያ ውስጥ የሚቀረው ውኃ ነው የፍሳሹን ሽታና በረሮውን የሚያግደው። ርካሽ ሆኖ በብዛት የሚሸጠው እንደ አኮርዲዮን የሚሳበው ሸንተረራም ፕላስቲክ ነው። ለመግጠም ይቀላል። ውስጡ ግን ሸንተረር ስለሆነ ቅባትና የጤፍ ሊጥ ይይዛል። ልሙጥ ፕላስቲክ የሆነ፣ በእጅ የሚፈታ ቀለበት ያለው ሲፎን ይሻላል። ውኃ ለብዙ ቀን ሲጠፋ ወይም ቤት ዘግታችሁ ስትሄዱ ሲፎኑ ውስጥ ያለው ውኃ ይደርቃል። ያኔ ሽታው ወደ ቤት ይገባል። መፍትሔው ከበርሜሉ አንድ ጆግ ውኃ መጨመር ነው።

የብረቱን ነገር በአጭሩ ልበል። የመረጥነው ስቴንለስ ነው። ሸክላ መሰሉ ሲንክ ያምራል፤ ግን ሲኒ ከእጅ ሲያመልጥ ያው መሰበር ነው፣ ክብደቱም ከባድ ነው። ድንጋይ መሰሉ ነጭ ሲንክ ላይ ደግሞ እርድና በርበሬ ቀለም ይተዋሉ። ስቴንለስ ስትገዙ ማኅተሙን እዩ። 304 የሚለው 18 በመቶ ክሮምና 8 በመቶ ኒኬል አለው፤ አንዳንዱ ላይ 18/8 ተብሎ ይጻፋል። ለኩሽና የሚመረጠው እሱ ነው። 430 የሚባለው ኒኬል ስለሌለው ማግኔት ይይዘዋል። ማግኔት ይዛችሁ መሄድ ይጠቅማል፤ ግን ማግኔት ያልያዘው ሁሉ 304 ነው ማለት አይደለም። 201 የሚባለውንም ማግኔት እምብዛም አይይዘውም፤ እሱ ደግሞ ኒኬሉ ስላነሰ ቶሎ ይዝጋል። ስለዚህ ማኅተሙንም፣ ክብደቱንም፣ ውፍረቱንም አንድ ላይ እዩ። ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለቤት ይበቃል፤ 1 ከሆነ ጥሩ ነው። የገንዳውን ወለል በአውራ ጣት ጫን ስትሉት የሚረገብ ከሆነ ተዉት። ከሥሩ ጥቁር የጎማ ለጥፍ ያለው ውኃ ሲወርድበት አይጮኽም። የኛ ሳሎንና ኩሽና በር ብቻ ነው የሚለያቸው፤ ለጥፉ ጠቅሞናል።

ስቴንለስ በረኪና አይወድም። ጨርቅ በበረኪና ነክራችሁ ገንዳው ውስጥ አታሳድሩ፤ ትንንሽ ነቁጥ አውጥቶ ይበሳሳል። የብረት ሽቦም ቅንጣቱ ተጣብቆ ስለሚቀር እሱ ይዝግና ሲንኩ የዛገ ይመስላል።

ቁመቱን በእናቴ ክርን ነው የወሰንነው። ቆማ ክርኗን ስታጥፍ ከወለል እስከ ክርኗ ያለውን ለካን። ጠረጴዛ ከክርን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ዝቅ ሲል ይመቻል ይባላል፤ እውነትም ይመቻል። ሲንክ ላይ ግን እጅ የሚሠራው ከጠረጴዛው በታች፣ ገንዳው ወለል ላይ ነው። ገንዳው በጠለቀ ቁጥር ወገብ ይጎብጣል። ጥልቅ ሲንክ ውኃ አያፈናጥርም፤ እሱ ጥቅሙ ነው። ወገቧን ለሚያማት ሴት ግን 18 ሴንቲ ከ25 ይሻላል። እናንተም የቤታችሁን ዋና አጣቢ ለኩ። ረጅም ሰው ከሆነ ሒሳቡ ሌላ ይሆናል።

ከሲንኩ በላይ ግድግዳው ላይ የሳህን መደርደሪያ ሰቀልን። ሥሩ ክፍት ስለሆነ የሚንጠባጠበው ቀጥታ ገንዳው ውስጥ ነው። ክንፍ የሌለው ሲንክ ለመውሰድ ያስቻለን ይህ ነው። የቧንቧውን አንገት ቁመት ግን አስቀድማችሁ አስቡ፤ መደርደሪያውና አንገቱ እንዳይጋጩ። የኛ ቧንቧ 28 ሴንቲ ከፍ ይላል። የበዓሉ ድስት ከሥሩ ይገባል። አንገቱ የሚዞር ነው፤ ውኃውም የሚወርደው ገንዳው መካከል ላይ ነው እንጂ ጠርዙ ላይ አይደለም።

እንግዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ሲንክ ሲታሰብ ውኃ የማይኖርበትን ቀንም ማሰብ ነው። እኛ አራተኛ ፎቅ ስለሆንን ውኃው ብዙ ጊዜ የሚደርሰን ሌሊት ነው። ስለዚህ 200 ሊትር በርሜል አለን። በርሜሉን በጀሪካን መሙላት ወገብ ይገድላል፤ ጀሪካን ደግሞ ከሲንክ ቧንቧ ሥር ቀጥ ብሎ አይገባም። ቧንቧ ሠራተኛው ይህን ስነግረው፣ «እህቴ፣ ቀላል ነው፤ ከሥር ቲ አስገብቼ ለጎማ የሚሆን ሌላ ቧንቧ እገጥምልሻለሁ» አለኝ። ገጠመው። ቲ የሚሉት መስመሩን ለሁለት የሚከፍል መገጣጠሚያ ነው። ጎማውን ከሲንኩ ሥር እንሰካና በርሜሉ በራሱ ይሞላል። ሥራው ትንሽ ነው፤ የሚያሳርፈው ግን በየሳምንቱ ነው። ሲንክ በምታስገጥሙበት ቀን አብራችሁ አሠሩት። በኋላ ለብቻው ማስጠራት ሌላ ወጪ ነው። ከዚያው ጋር የኩሽናውን መስመር ብቻ የሚዘጋ ቫልቭ ከሲንኩ ሥር ይኑራችሁ። ቧንቧው ቢበላሽ የቤቱን ውኃ ሁሉ ሳትዘጉ ትቀይሩታላችሁ።

በርሜሉን ወይም ሮቶውን በረንዳ ላይ ለማድረግ የምታስቡ ካላችሁ ክብደቱን አስቡ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። 500 ሊትር ማለት ግማሽ ቶን ነው። ለባለሙያ ሳታሳዩ በረንዳ ላይ አታስቀምጡ።

ሌላው ከፈረቃ ጋር የሚመጣ አደጋ ጎርፍ ነው። ውኃ ሲሄድ ቧንቧ ከፍተን መጣ አልመጣም እናያለን። ሳንዘጋው እንተኛለን። ሌሊት ውኃው ሲመጣ ገንዳው ውስጥ ሳህን ወይም ጨርቅ ቀዳዳውን ከደፈነው ውኃው ሞልቶ ወለል ላይ ይፈሳል፤ ከዚያ የታችኛው ጎረቤት ጣሪያ ላይ ነው። በኛ ሕንፃ ይህ ደርሷል፤ በጎረቤታሞች መካከልም ቅሬታ አስከትሏል። ስለዚህ ሲንክ ስትመርጡ ከላይ በኩል የትርፍ ውኃ ማስወጫ ቀዳዳ ያለውን ውሰዱ። ቧንቧው ደግሞ በማንሻ የሚከፈት ይሁን። የሚጠመዘዘው ቧንቧ ክፍት ይሁን ዝግ በዓይን አይለይም። ማንሻው ግን ቀና ካለ ክፍት መሆኑ ከሩቅ ይታያል። እናቴ ከመተኛቷ በፊት ከኩሽናው በር ላይ ሆና ታየዋለች።

ውኃ ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደው ደፍራሽ ነው። በቧንቧው ጫፍ ያለችው ወንፊት አሸዋና ዝገት ትይዛለች። ውኃው ቀጠነብን ካላችሁ መጀመሪያ እሷን ፈታችሁ እጠቡ። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያ ያልቃል።

ስለ አገጣጠሙ የምለው ቅደም ተከተሉን ነው። ሲንኩን መጀመሪያ ግዙ፤ ግራናይቱን በኋላ አስቆርጡ። ግራናይት ቆራጩ ዘንድ ሲንኩን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ። በቃል የተነገረ መጠን አይታመንም፤ ሁለት የ60 ሲንኮች የጠርዛቸው ቅርፅ ይለያያል። ጠረጴዛችሁ ግራናይት ካልሆነና ኤምዲኤፍ ወይም ቺፕውድ ከሆነ ጠርዙ ላዩ ላይ የሚያርፍ ሲንክ ውሰዱ፤ የተቆረጠውን የእንጨት ጠርዝ ዙሪያውን ሲሊኮን አስቀቡት። ውኃ የነካው ቺፕውድ አብጦ ይፈርሳል። ሲሊኮን ደረቅና ንጹሕ ነገር ላይ ነው የሚይዘው። ከተቀባ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ውኃ አታስነኩት። ሠራተኛው «ከሁለት ሰዓት በኋላ ተጠቀሙ» ቢላችሁም ታገሡ።

ሠራተኛው ገንዘቡን ተቀብሎ ከመሄዱ በፊት ደግሞ ይህን ፈትኑ። የገንዳውን ቀዳዳ ዝጉ፤ ውኃ ሙሉት። ከሥር ያለውን ቱቦ ሁሉ በጨርቅ አድርቁና ከመገጣጠሚያዎቹ በታች ሶፍት አንጥፉ። ከዚያ ውኃውን በአንዴ ልቀቁት። በቀጭኑ ከቧንቧ ሲወርድ የማያፈስ መገጣጠሚያ ገንዳ ሙሉ ውኃ ሲመጣበት ያንጠባጥባል። ሶፍቱ ላይ አንዲት ጠብታ ብትወድቅ ትታያለች። የኛ ላይ አንዱ ቀለበት ላልቶ ነበር፤ ሠራተኛው እዚያው አጠበቀው።

ሲንኩ ከተገጠመ በኋላ የሚደፍነው ነገር በኛ ቤት ሦስት ነው፦ ሊጥ፣ ቅባትና የቡና አተላ። ከሁሉ የሚብሰው ሊጥ ነው። ጤፍ ቀጥኖ ሲወርድ ምንም አይመስልም፤ ሲፎኑ ሥር ግን ይዘቅጣል። ቡሃቃው ሲታጠብ የመጀመሪያው ውኃ ባልዲ ውስጥ ይሁን። ትንሽ ሲቆይ ጤፉ ይዘቅጣል፤ ከላይ ያለውን ውኃ አፍሱ፣ ዝቃጩን ከቆሻሻ ጋር ጣሉ። የወጥ ድስት ከመታጠቡ በፊት በሶፍት ወይም በቁራሽ እንጀራ ይጠረግ። ቅቤና ዘይት ሙቅ ሆነው ይወርዱና ቱቦው ውስጥ ሲበርዱ ይረጋሉ። የቡና አተላ ለአትክልት ማሰሮ ይሆናል።

ቢደፈንም መጀመሪያ ሲፎኑን ነው መፍታት። ከሥር ባልዲ አስቀምጡ፣ ቀለበቶቹን በእጅ ፍቱ፣ አጥባችሁ መልሱ። አሲድ አትድፉ፤ ስቴንለሱን ይበላል፣ መገጣጠሚያውንም ይጎዳል። በተለይ በረኪናና አሲድ አንድ ላይ አይደፉም። የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው፤ ጠባብ ኩሽና ውስጥ ደግሞ መሸሻ የለም።

ተከራይ ለሆናችሁና ሲንኩን ማንሳት ለማትችሉም የሚሆን ነገር አለ። ሲንኩ ሰፊ ሆኖ ጠረጴዛ ካሳጣችሁ አናጢ ዘንድ ሄዳችሁ በገንዳው ጠርዝ ላይ ልክ የሚቀመጥ ጣውላ አስቆርጡ። ስትከትፉ ሲንኩ ላይ ታስቀምጡታላችሁ፤ ስታጥቡ ግድግዳው ላይ ታቆሙታላችሁ። ደብል ከሆነ ደግሞ አንዱን ገንዳ በጣውላ ሸፍናችሁ በአንዱ ብቻ ማጠብ ትችላላችሁ። ግድግዳ መብሳት ከተፈቀደላችሁ የሳህን መደርደሪያውን ከሲንኩ በላይ ስቀሉ። አጭሩን ቧንቧ በረጅም አንገት መቀየርም ከባድ ሥራ አይደለም፤ ስትለቁ የድሮውን መልሳችሁ እንድትገጥሙት አስቀምጡት።